ቱቦ አልባ የትንፋሽ እገዛ

«ኖን ኢንቬሲቭ ቬንቲሌሽን» የሚባለውን ሕክምና ሐኪሞች ባጭሩ «ኤንአይቪ» ይሉታል። በአማርኛ «ቱቦ አልባ የትንፋሽ እገዛ» ብንለው ሥራውን በትክክል ይገልጸዋል ብዬ አምናለሁ። «ቱቦ አልባ» መባሉ ጉሮሮ ውስጥ የሚገባ ቱቦ ስለሌለው ነው። ከመሣሪያው የሚነሣው ጎማ የሚያበቃው አፍንጫን ወይም አፍንጫና አፍን በሚሸፍን ጭንብል ላይ ነው። «እገዛ» የሚለው ቃል ደግሞ የሚተነፍሰው ሕመምተኛው ራሱ መሆኑን ይነግረናል፤ መሣሪያው ከጎኑ ሆኖ ይገፋለታል።

ይህ እገዛ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ለተኛ ሕመምተኛ፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ወይም ሌሊት በእንቅልፍ ሰዓት ነው። እዚህ የማነሣው ግን ብዙም ያልተሰማውን አጠቃቀሙን ነው፤ ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው የአካል እንቅስቃሴ ሲሠራ ጭንብሉን አድርጎ እንዲራመድ ወይም የቆመ ብስክሌት እንዲነዳ ማድረግ።

ነገሩን ለመረዳት ሲኦፒዲ የሚባለውን የአየር ቧንቧ መጥበብ በሽታ እንመልከት። ሲጋራ፣ ለዓመታት የተሳበ የማገዶ ጭስ፣ አንዳንዴም ድኖ ያለፈ የሳንባ ነቀርሳ የሚተወው ጠባሳ ለዚህ ዓይነቱ ጉዳት ይዳርጋሉ። በዚህ በሽታ ከባዱ ነገር አየር ማስገባቱ ሳይሆን ማስወጣቱ ነው። ቧንቧዎቹ ስለጠበቡ አየሩ ለመውጣት ጊዜ ይፈልጋል። ሰውየው ሲራመድ ወይም ደረጃ ሲወጣ ትንፋሹ ይፈጥናል፤ ሲፈጥን ደግሞ የማስወጫው ጊዜ ያጥራል። የቀደመው አየር ሳይወጣ አዲሱ ይገባል፤ በሞላ ገንቦ ላይ ውኃ እንደ መጨመር ነው። ሳንባው ተነፍቶ ይቀራል፣ ከሥሩ ያለው ዋናው የመተንፈሻ ጡንቻ ተለጥጦ ጠፍጣፋ ስለሚሆን ጉልበቱ ይከዳዋል። ሰውየው «አየር አጣሁ» ይላል፤ ደረቱ ግን በአየር ተወጥሯል።

ጭንብሉ የሚረዳው እዚህ ላይ ነው። መሣሪያው ሁለት ግፊት ይሰጣል፦ ሰውየው አየር ሲስብ ከፍ ያለ፣ ሲያስወጣ ዝቅ ያለ። ለምሳሌ ሲስብ 15፣ ሲያስወጣ 5 ሴንቲ ሜትር የውኃ ግፊት ሊሆን ይችላል፤ ልኩን የሚወስነው ባለሙያው ነው። ከፍተኛው ግፊት ከደከመው ጡንቻ ላይ ሸክም ያነሣለታል። ዝቅተኛው ደግሞ የታሰረው አየር በሳንባው ውስጥ የሚፈጥረውን ተቃራኒ ግፊት ስለሚያካክስ፣ ቀጣዩን ትንፋሽ መጀመር ይቀለዋል።

ይህን ከኦክስጅን መለየት ያስፈልጋል። በየቤቱ «ኦክስጅን ተደረገለት» ስንል ጭንብል ያለበትን ሕክምና ሁሉ አንድ እናደርገዋለን። ኦክስጅን የሚጨምረው የጋዙን መጠን ነው፤ ትንፋሽ እገዛ የሚሰጠው ግፊት ነው። አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም፤ እንዲያውም ሲኦፒዲ ላለበት ሰው ያለ ልክ የተሰጠ ኦክስጅን በደሙ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዲከማች ሊያደርግ ይችላል።

ትንፋሽ የሚያጥረውን ሰው ስለ ምን እናንቀሳቅሰዋለን? እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ የሐኪሙም ምክር «ዕረፍ» ነበር። አሜሪካዊው ሐኪም አልቫን ባራክ በ1950ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) እንቅስቃሴ ሊጠቅም እንደሚችል ሲጽፍ ከተለመደው የወጣ ሐሳብ ነበር። ዛሬ የሳንባ ተሐድሶ የሚባለው ሕክምና ዋና ክፍሉ እንቅስቃሴ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይወስዳል። የተቀመጠ ሰው የእግሩ ጡንቻ ይሟሽሻል፤ የሟሸሸ ጡንቻ ለትንሽ ሥራ ብዙ ትንፋሽ ይጠይቃል፤ ሰውየውም የበለጠ ይቀመጣል። ሰንሰለቱ የሚበጠሰው እግሩ ሲሠራ ብቻ ነው።

ችግሩ ሕመሙ የጠናበት ሰው ጡንቻው የሚጠነክርበት ደረጃ ላይ ሳይደርስ ትንፋሹ መቆረጡ ነው። ጭንብሉ የታሰበው ያን ክፍተት ለመሙላት ነው። የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው ኮክሬን የተባለ ድርጅት በ2014 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ግምገማ 126 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 6 ጥናቶች መርምሮ፣ በእገዛው የሠለጠኑት ከፍ ባለ ጉልበት መሥራት መቻላቸውን የሚያሳይ መረጃ አግኝቷል። በዕለት ተዕለት የመራመድ ዐቅምና በኑሮ ጥራት ላይ ግን ጥቅሙ በግልጽ አልታየም። ስለዚህ ለሁሉም የሚታዘዝ አይደለም፤ ሕመማቸው ለበረታና ያለ እገዛ መሠልጠን ላቃታቸው ጥቂቶች ነው። ባለሙያ ቆሞ ይጠብቃል፤ መብራት ያስፈልጋል፤ ሳንባው አየር አምልጦት ለተኮማተረ ወይም ለሚያስመልሰው ሰው ጭንብሉ አደጋ አለው።

መሣሪያው በሌለበት ሥራው አይቆምም፤ ይህን አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። ካምፓላ ውስጥ ከሳንባ ነቀርሳ በኋላ ትንፋሽ ለሚያጥራቸው ሰዎች በሳምንት ሁለት ጊዜ ለ6 ሳምንት የተሐድሶ ሥልጠና ተሰጥቶ ለውጥ ታይቷል። ማንም ሊማረው የሚችል ዘዴም አለ፦ በአፍንጫ መሳብ፣ ከዚያ ሻማ እንደሚያጠፋ ሰው ከንፈርን አሹሎ ከተሳበበት ጊዜ እጥፍ ያህል ቀስ አድርጎ ማውጣት። የተጣበበው ቧንቧ ቶሎ እንዳይከደን ይረዳል። ሲደክም ቆሞ ወደ ፊት ጎንበስ ማለትና እጅን ጠረጴዛ ላይ ማሳረፍም ትንፋሽ ይመልሳል። ከ2,300 ሜትር በላይ በምትገኘው አዲስ አበባ የአየሩ ኦክስጅን ከቆላው ያነሰ ስለሆነ፣ እንቅስቃሴ ከመጀመር በፊት የደም ኦክስጅን በጣት ላይ በሚደረገው መለኪያ መታየት ይኖርበታል።

ቤታችሁ ውስጥ ትንፋሽ የሚያጥራቸው እናት ወይም አባት ካሉ፣ «አይነሡ፣ ይደክምዎታል» ማለቱን ትታችሁ በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪሙን ይህን ጠይቁልኝ፦ «በየቀኑ ምን ያህል ይራመዱ? ሲራመዱስ ትንፋሻቸውን በምን እናግዝ?»