ዋንጫ ያላዳነው ትምህርት ቤት፤ የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች ቅርጫት ኳስ ከሮቤና ከጎባ ሲታይ

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በአዳማና በአሰላ በኩል ወደ ባሌ የሚጓዝ መንገደኛ በቆጂን ሳያይ አያልፍም፡፡ ከዚያ ዶዶላን፣ አዳባንና ዲንሾን አልፎ ሮቤ ሲደርስ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዟል፡፡ ሮቤ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,500 ሜትር ግድም ላይ የምትገኝ ሲሆን፣ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ጎባ ደግሞ ከ2,700 ሜትር ትበልጣለች፡፡ በዚህ መስመር ላይ ስፖርት ሲነሳ ቀድሞ የሚጠራው ሩጫ ነው፡፡ ቅርጫት ኳስ እምብዛም አይወራለትም፡፡

ይሁን እንጂ ሮቤ በየካቲት 2004 ዓ.ም. ከመቂ ሀገረ ስብከት ተለይታ ራሷን የቻለች የካቶሊክ ቤተክርስቲያን አስተዳደር (ሐዋርያዊ ፕሪፌክቸር) መቀመጫ ሆናለች፡፡ የመጀመሪያው ኃላፊም የካፑቺን ማህበር አባል የሆኑት ጣሊያናዊው አባ አንጀሎ አንቶሊኒ ነበሩ፡፡ በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ካቶሊኮች ከሀገሪቱ ሕዝብ 0.7 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በባሌም ቁጥራቸው እጅግ ጥቂት ነው፡፡ ሆኖም ይህች አነስተኛ ቤተክርስቲያን በኢትዮጵያ ስሟ ከቁጥሯ በላይ የሚነሳው በትምህርት ቤቶቿ ምክንያት ነው፡፡ በአዲስ አበባ ቅዱስ ዮሴፍን፣ ናዝሬትንና ልደታን የማያውቅ ወላጅ የለም፡፡ የቀድሞው ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት እንኳ የቤተክርስቲያን ንብረት ሳይሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1945 ጀምሮ ለዓመታት የተመራው በካናዳውያን ኢየሱሳውያን ነበር፡፡

እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ባለበት ግቢ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ አንድ የቅርጫት ኳስ ቦርድ አይጠፋም፡፡ ቦርድ መትከል ግን አንድ ነገር ነው፤ ከዓመት ዓመት የማይቋረጥ ውድድር ማካሄድ ደግሞ ሌላ፡፡ ለመሆኑ የአንድ ትምህርት ቤት ቡድን ዘላቂ የሚሆነው በምንድን ነው? ይህን ጥያቄ ከሁሉም በላይ የፈተኑት የአሜሪካ ካቶሊክ ትምህርት ቤቶች በመሆናቸው፣ ታሪካቸውን ከሮቤና ከጎባ ሆኖ ማየት ይጠቅማል፡፡ ከእነርሱም አንዱ በዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖሩት በርካታ ኢትዮጵያውያን የጎረቤት ያህል ቅርብ ነው፡፡

ጨዋታውን የፈጠረው በካናዳ የተወለደው ጀምስ ናይስሚዝ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 1891 ስፕሪንግፊልድ በተባለችው የማሳቹሴትስ ከተማ፣ በወወክማ ማሠልጠኛ ውስጥ ለ18 ተማሪዎቹ የክረምት ጨዋታ አጥቶ ሲቸገር ሁለት የፍራፍሬ ቅርጫቶች በሰገነት ላይ ሰቀለ፤ 13 ደንቦችም ጻፈ፡፡ የአማርኛው ስም የመጣው ከእነዚያ ቅርጫቶች ነው፡፡ ወወክማ የፕሮቴስታንቶች ማህበር ቢሆንም ጨዋታውን አጥብቀው ከያዙት መካከል ካቶሊኮቹ ይገኙበታል፡፡ ምክንያቱ ሃይማኖታዊ ሳይሆን የቦታ ጉዳይ ነበር፡፡ የአየርላንድ፣ የጣሊያንና የፖላንድ ስደተኞች በትልልቅ ከተሞች ተጨናንቀው ይኖሩ ስለነበር ለሜዳ የሚሆን ሰፊ መሬት አልነበራቸውም፤ የቤተክርስቲያን አዳራሽ ግን ነበራቸው፡፡ አምስት ልጅና አንድ ኳስ ካለ ቡድን አለ፡፡ የቺካጎው ረዳት ጳጳስ በርናርድ ሺል እ.ኤ.አ. በ1930 የካቶሊክ ወጣቶች ድርጅትን ሲመሠርቱ ጨዋታው በየአጥቢያው ተስፋፋ፡፡

ከዋሽንግተን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቃ በምትገኘው ሃያትስቪል፣ ሜሪላንድ፣ እ.ኤ.አ. በ1946 ዴማታ የተባለ የወንዶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፈተ፡፡ ስሙን ያገኘው በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ምርኮኞችን በገንዘብ የሚያስለቅቅ ማህበር ከመሠረተው ከዮሐንስ ዘማታ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1956 ሞርጋን ዉተን የተባለ ወጣት መምህር ወደዚህ መጣ፡፡ ታሪክ እያስተማረ ቅርጫት ኳስ አሠለጠነ፡፡ እዚያው 46 የውድድር ዘመን ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2002 ሲያበቃ 1,274 ጊዜ አሸንፎ 192 ጊዜ ብቻ ተሸንፎ ነበር፡፡

ዉተንን ያስታወቀው ግን አንድ ጨዋታ ነው፡፡ በኒውዮርክ የሚገኘው ፓወር ሜሞሪያል የተባለው የካቶሊክ ትምህርት ቤት 71 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ ነበር፡፡ ለዚህም ዋናው ምክንያት ሉ አልሲንዶር የተባለ እጅግ ረጅም ተማሪ ነበር፡፡ ዉተን ልጁን የሚያህል ሰው በቡድኑ ውስጥ ስላልነበረው በልምምድ ላይ ተከላካይ ሆኖ የሚቆመውን ተጫዋች የቴኒስ ራኬት አስያዘው፤ ተማሪዎቹም ከራኬቱ በላይ መወርወርን ተለማመዱ፡፡ ጥር 30 ቀን 1965 እ.ኤ.አ. በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ከ12,000 በላይ ተመልካች በተገኘበት ዴማታ 46 ለ43 አሸነፈ፡፡ አልሲንዶር በዚያ ቀን 16 ነጥብ ብቻ አስቆጠረ፡፡ ይህ ልጅ ኋላ እስልምናን ተቀብሎ ከሪም አብዱል ጀባር የተባለው፣ 38,387 ነጥብ በማስቆጠርም በአሜሪካ ፕሮፌሽናል ሊግ ለአሥርታት ክብረ ወሰን ይዞ የቆየው ተጫዋች ነው፡፡

የዉተን ሥራ ከዋንጫው ይልቅ በሌላ ቁጥር ቢለካ ይሻላል፡፡ ለ30 ዓመታት ያህል፣ ከቋሚ ተሰላፊው እስከ ተቀያሪው፣ በቡድኑ ውስጥ ያለ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ሁሉ የኮሌጅ ነፃ የትምህርት ዕድል ቀርቦለታል፡፡ ልጁን ለማስተማር ገንዘብ ለሌለው ወላጅ ይህ ከማንኛውም ዋንጫ ይበልጣል፡፡ ዉተን ራሱ ወደ ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝነት እንዲያድግ ተጠይቆ እምቢ ብሏል፡፡ እ.ኤ.አ. በጥር ወር 2020 በ88 ዓመቱ ሲሞት ከቀባሪዎቹ መካከል ያሠለጠናቸው ነበሩበት፡፡

እዚህ ላይ በቆጂን ማስታወስ ተገቢ ነው፡፡ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ያፈራችው ያቺ የአርሲ ከተማ ስታዲየም ስለነበራት አይደለም፡፡ የስፖርት መምህሩ ስንታየሁ እሸቱ ከተማዋን ትተው ስላልሄዱ ነው፡፡ ሮጦ የማያውቅ የሚመስለው አሜሪካዊ የታሪክ መምህርና የበቆጂው መምህር አይተዋወቁም፤ ሥራቸው ግን አንድ ነው፡፡ በአንጻሩ በሀገራችን ክፍለ ሀገር የተመደበ መምህር ዝውውር የሚጠይቀው ብዙውን ጊዜ ሻንጣውን ሳይፈታ ነው፤ ቡድኑም አብሮት ይበተናል፡፡

መምህሩ ቢቆይም ግን በቂ አይደለም፡፡ ለዚህ ማስረጃው ከኒውዮርክ ከተማ ወንዙን ተሻግሮ በጀርሲ ሲቲ የነበረው የቅዱስ አንጦንዮስ ትምህርት ቤት ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1952 በፖላንዳውያን አጥቢያ የተከፈተው ይህ ትንሽ ትምህርት ቤት የራሱ ጂምናዚየም አልነበረውም፡፡ ቡድኑ ለረጅም ዓመታት የተለማመደው በአቅራቢያው ባለ የቢንጎ መጫወቻ አዳራሽ ውስጥ ነው፡፡ አሠልጣኙ ቦብ ሀርሊ በቀን ሥራው ፍርድ ቤት በገደብ የለቀቃቸውን ጥፋተኞች የሚከታተል ሠራተኛ ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. ከ1972 እስከ 2017 ከ1,100 በላይ ጨዋታዎች አሸንፏል፤ 28 የክፍለ ግዛት ዋንጫም ወስዷል፡፡ የ1989ኙ ቡድን 32 ጨዋታ ተጫውቶ አንድም አልተሸነፈም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2010 ሀርሊ ናይስሚዝን በሚዘክረው የዝና አዳራሽ ስሙ ሠፈረ፡፡

ትምህርት ቤቱ ግን እ.ኤ.አ. በ2017 ተዘጋ፡፡ የተማሪው ቁጥር ከዓመት ዓመት ቀነሰ፤ ወላጆች የሚከፍሉት ገንዘብ ተማሪውን ለማስተማር ከሚያስፈልገው በታች ነበር፤ ልዩነቱን ይሞሉ የነበሩት ለጋሾች ናቸው፡፡ የቀድሞ ተማሪዎችና የቅርጫት ኳስ ወዳጆች በተደጋጋሚ ገንዘብ ቢያሰባስቡም አልበቃም፡፡ እርዳታው የመጣው ብዙውን ጊዜ ትምህርት ቤቱ ሊዘጋ ነው በተባለ ቁጥር ነበር፤ የመብራት ሂሳብና የመምህር ደመወዝ ደግሞ በየወሩ የሚመጣ ነው፡፡ የአልሲንዶር ትምህርት ቤት ፓወር ሜሞሪያልም እንዲሁ እ.ኤ.አ. በ1984 ተዘግቷል፤ ሕንፃውም ፈርሷል፡፡

የተለየ ዕጣ የገጠመው ትምህርት ቤትም አለ፡፡ በኦሃዮ አክረን የሚገኘው የቅዱስ ቪንሰንትና የቅድስት ማርያም ትምህርት ቤት የቀድሞ ተማሪ ሌብሮን ጀምስ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ከተመረቀ ከአሥር ዓመት በኋላ የትምህርት ቤቱን ጂምናዚየም ለማሳደስ አንድ ሚሊዮን ዶላር ሰጥቷል፤ አዳራሹም በስሙ ይጠራል፡፡ እ.ኤ.አ. በየካቲት ወር 2023 የከሪምን ክብረ ወሰን የሰበረው ይኸው ሌብሮን ነው፡፡ የአንዱ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ልጅ የያዘውን ክብረ ወሰን የሌላው ልጅ ሲወስደው የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ከተዘጋ 39 ዓመት ሆኖት ነበር፡፡ ግን እንደ ሌብሮን ያለ የቀድሞ ተማሪ ስንት ትምህርት ቤት ያገኛል? ዴማታን ጨምሮ ብዙዎቹ የሚኖሩት ስማቸው በማይታወቅ፣ በየዓመቱ ጥቂት በሚያዋጡ ምሩቃን ነው፡፡ የእኛ የቀድሞ ተማሪዎች ማህበራት እራት ማዘጋጀቱን ችለውበታል፤ ዓመታዊ መዋጮው ግን የእራቱን ያህል ትኩረት ሲያገኝ አይታይም፡፡

ወደ ባሌ ስንመለስ የመጀመሪያው እንቅፋት ሜዳው ነው፡፡ በባሌ ደጋ ዝናብ በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ ገበሬው በሁለቱም ያመርታል፡፡ ለስንዴና ለገብስ በረከት የሆነው ነገር ለቅርጫት ኳስ ፈተና ነው፡፡ እግር ኳስ በጭቃም ይጫወቱታል፤ ቅርጫት ኳስ ግን ካልነጠረ ጨዋታ የለም፡፡ በአፈር ሜዳ ላይ ቦርድ የተከለ ትምህርት ቤት የትምህርት ዘመኑን ጉልህ ክፍል ሜዳው እስኪደርቅ ሲጠብቅ ያሳልፋል፡፡ አየሩም ስስ ነው፤ በሮቤ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ በመሆኑ ከቆላ የሚመጣ እንግዳ ቡድን በሁለተኛው አጋማሽ ትንፋሽ ያጥረዋል፡፡ አዳማ ላይ የተነፋ ኳስም ጎባ ሲደርስ ከሚገባው በላይ ጠጥሮ ይገኛል፤ ከጨዋታው በፊት ጥቂት አየር ማስተንፈስ ነው፡፡

የሲሚንቶው ጉዳይ በቁጥር ሲታይ እንዲህ ነው፡፡ ዓለም አቀፉ ሜዳ 28 በ15 ሜትር ስለሆነ 420 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፤ በዙሪያው ሁለት ሁለት ሜትር ሲጨመር 608 ይደርሳል፡፡ አሥር ሴንቲ ሜትር ውፍረት ቢሰጠው 61 ሜትር ኩብ ያህል ኮንክሪት ይበላል፡፡ ይህ ለአንድ የክፍለ ሀገር ትምህርት ቤት ከባድ ነው፡፡ ሦስት ለሦስት የሚባለው፣ ከቶኪዮ ኦሊምፒክ ጀምሮ የኦሊምፒክ ስፖርት የሆነው ጨዋታ ግን አንድ ቀለበት ብቻ ይፈልጋል፡፡ ሜዳው 15 በ11 ሜትር ነው፤ 17 ሜትር ኩብ የማይሞላ ኮንክሪት ይበቃዋል፡፡ ቀለበቱ በሁለቱም ከመሬት 3.05 ሜትር ከፍ ይላል፤ ናይስሚዝ ቅርጫቶቹን የሰቀለበት ሰገነት ቁመቱ ይኸው ስለነበር ነው፡፡