ዑደትና ማቆሚያው

ኮምፒዩተርን ማዘዝ የሚማር ሰው ከሚቸገርባቸው ነገሮች አንዱ ዑደት፣ ይኸውም አንድን የትእዛዝ ረድፍ ደጋግሞ ማሠራት ነው። መደጋገሙ ቀላል ነው፤ መሣሪያ አይታክተውም። የሚከብደው መቼ እንደሚያቆም መንገሩ ነው። የሙያው ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል።

እንግሊዛዊቷ አዳ ላቭሌስ በ1843 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ቻርልስ ባቤጅ አቅዶት ስላልፈጸመው የስሌት መሣሪያ ባሳተመችው ጽሑፍ፣ የበርኑሊን ቁጥሮች ለማግኘት ትእዛዞች እየተመላለሱ የሚሠሩበትን ሥርዓት ዘርዝራ ነበር። አሳቡ ግን መሣሪያውን መቶ ዓመት ያህል ቀደመው።

በ1944 በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሥራ የጀመረው ማርክ አንድ ትእዛዙን የሚያነበው ከተበሳ የወረቀት ጥብጣብ ነበር። ድግግሞሽ ሲያስፈልግ የጥብጣቡ ሁለት ጫፎች ይጣበቁና ወረቀቱ እንደ ቀለበት ይዞራል። በዚያን ጊዜ ዑደት በእጅ የሚዳሰስ ነገር ነበር ማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ መሣሪያው በመጀመሪያ አሠራሩ የስሌቱን ውጤት መርምሮ ወደ ሌላ ትእዛዝ የሚሻገርበት መንገድ አልነበረውም።

በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ የተሠራው ትንሽ ኮምፒዩተር ግን ትእዛዙንም ቁጥሩንም በአንድ ማኅደር የሚይዝ፣ ውጤቱንም አይቶ መንገዱን የሚለውጥ ነበር። ጁን 21 ቀን 1948 የሠራበት የቶም ኪልበርን ፕሮግራም 17 ትእዛዞች ብቻ ነበሩት። ጥያቄው ከ262,144 ከሚያንሱት ቁጥሮች መካከል ይህን ቁጥር ያለ ቀሪ የሚያካፍለው ትልቁ የትኛው ነው የሚል ነበር። መሣሪያው ማካፈል ስለማይችል ደጋግሞ ይቀንሳል፤ ይህ የውስጡ ዑደት ነው። ቀሪ ከተገኘ አካፋዩን በአንድ አሳንሶ እንደገና ይጀምራል፤ ይህ የውጭው ነው። 52 ደቂቃ ያህል ከሠራ በኋላ 131,072 ላይ ሲደርስ በራሱ ቆመ።

ስድሳ ዓመት ካለፈ በኋላም ችግሩ አልጠፋም። ዲሴምበር 31 ቀን 2008 አንድ ዓይነት የኪስ ሙዚቃ ማጫወቻ በባለቤቶቹ እጅ እንዳለ ደርቆ ቀረ። በውስጡ ያለው የቀን መቁጠሪያ፣ የቀኑ ቁጥር ከ365 በላይ እስከሆነ ድረስ የሚዞር ዑደት ነበረው። ዓመቱ 366 ቀን ከሆነ ደግሞ የሚቀንሰው ቁጥሩ ከ366 ሲበልጥ ብቻ ነበር። በዚያች የመጨረሻ ቀን ቁጥሩ ልክ 366 ስለነበረ ዑደቱ የሚለውጠው ነገር አጥቶ ያለ ማቋረጥ ዞረ።

እንግዲህ ጀማሪው ሦስት ነገሮችን ይጠይቅ፤ ዑደቱ ከምን ይነሣል? በየዙሩ ምን ይለወጣል? ለውጡስ በእርግጥ ወደ ማቆሚያው ያደርሳልን? የመጨረሻዋን ዙር በወረቀት ላይ ቁጥር አስገብቶ ሳይፈትሽ ፕሮግራሙን ለመሣሪያው የሚሰጥ ባለሙያ ሥራውን ለዕድል ተወው ማለት ነው።