ስለ ስንዴ ዋግ ታሪክና ስለ ዘር ምልክት ጥበብ



የሰው ልጅ ስንዴን መዝራት ከጀመረበት ዘመን አንሥቶ ማሳውን ከሚያጠፉበት ጠላቶች መካከል እጅግ ከሚያስፈሩት አንዱ ዋግ ነው። አንበጣ ሲመጣ ከሩቅ ይታያል፤ ዋግ ግን ደቃቅ ዘሩን ነፋስ ተሸክሞለት ሳይታወቅ ይደርስና ለምለም የነበረውን አዝመራ ዝገት የበላው ብረት ያስመስለዋል። የጥንት ሮማውያን ሮቢጉስ ለሚሉት የዋግ አምላክ በየዓመቱ ኤፕሪል 25 ቀን መሥዋዕት ያቀርቡለት ነበር። ዛሬ የምንመለከተው ሰው ከመሥዋዕት ወደ ምርምር እንዴት እንደ ተሻገረና በዘር ውስጥ የተሰወረውን ኀይል በምልክት ለማወቅ እንዴት እንደ ቻለ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

መነኩሴው ግሬጎር ሜንዴል በገዳሙ አትክልት ቦታ አተር እየዘራ የደረሰበትን የውርስ ሕግ በ1866 ቢያሳትመውም፣ ጽሑፉ እስከ 1900 ድረስ ይህ ነው የሚባል ተመልካች ሳያገኝ ቆየ። ከዚያም የካምብሪጁ ሊቅ ሮላንድ ቢፈን ስንዴ ቢጫ ዋግን የሚቋቋምበት ባሕርይ ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፈው በዚሁ ሕግ መሠረት መሆኑን በ1905 አስረዳ። በዚህም የሰብል ጤና የዕድል ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነና እንደ ርስት የሚወረስ መሆኑ ታወቀ።

በ1916 አሜሪካዊው ኤድጋር ማክፋደን ያሮስላቭ የተባለውን ኤመር፣ ማለት ጥንታዊ የስንዴ ወገን፣ ማርኪስ ከተባለው የዳቦ ስንዴ ጋር አዳቀለ፤ ከዚህም ድካም «ሆፕ» ወይም «ተስፋ» የተባለው ዝርያ ተገኘ። ከኤመሩ የወረሰውን መከላከያ ሊቃውንት በኋላ ኤስ አር 2 ብለው ሰየሙት። ኖርማን ቦርሎግም በሜክሲኮ ስንዴን ሲያሻሽል ከተገለገለባቸው መከላከያዎች አንዱ ይኸው ነበር። ኤስ አር 2 የግንድ ዋግን ጨርሶ ባይከለክልም ስርጭቱን ያዘገያል። ችግሩ ግን ኀይሉ የሚገለጠው ተክሉ ከጎለመሰ በኋላ በመሆኑ አዳቃዩ ብዙ ወራት መጠበቅ ነበረበት። ደግነቱ ይህ ዘረ መል ያለበት ስንዴ አዘውትሮ በዛላውና በአገዳው ላይ ጥቁረት ያሳያል፤ አዳቃዮችም ጥቁረቱን እያዩ ይመርጡ ነበር። ይህም በተፈጥሮ የተሰጠ ምልክት ሲሆን፣ የአየሩ ጠባይ ሲለዋወጥ እሱም ይለዋወጣልና ሙሉ በሙሉ የሚታመን አልነበረም።

እንዲህ ሳለ ኤስ አር 31 የተባለና ሬይ ከሚሉት የእህል ዘር የመጣ ብርቱ መከላከያ በዓለም ዙሪያ ተስፋፋ፤ ብዙ አገሮችም ለብዙ ዓመታት በእርሱ ተማምነው ተቀመጡ። በ1998 ግን በኡጋንዳ ይህንን መከላከያ የሚያሸንፍ የግንድ ዋግ ተገኘ፤ ዩጂ 99 የሚሉት ነው። በ2003 ደግሞ በኢትዮጵያ ታየ። ከዚህም የባሰ ትምህርት በ2013 መጨረሻ በአርሲና በባሌ መጣ። ዲገሉ የተባለው የስንዴ ዝርያ ዩጂ 99ን ይቋቋም ስለ ነበር ብዙ ገበሬዎች ዘርተውት ነበር። ነገር ግን ከዩጂ 99 የተለየ ሌላ የግንድ ዋግ ወገን መጥቶ ዲገሉ የተመካበትን መከላከያ ሰበረውና፣ አንዳንዱ ማሳ ምንም ሳይታጨድበት ቀረ። ዓመቱን ሙሉ የደከመ ገበሬ በመከር ጊዜ ባዶ እጁን ሲቀር ምን እንደሚሆን መግለጽ አያስፈልግም።

አባቶቻችን «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ይላሉ። ዋግን የሚቋቋሙ ሁለት ሦስት ዘረ መሎች በአንድ ስንዴ ውስጥ ቢሰበሰቡ፣ በሽታው አንዱን ቢሰብር ሌላው ይጠብቃል። ነገር ግን አንድ ብርቱ መከላከያ ያለው ስንዴም፣ ሁለት ያለውም፣ በማሳ ላይ ሲታዩ ሁለቱም እኩል ንጹሓን ናቸውና ዐይን ሊለያቸው አይችልም። የዘር ምልክት ጥበብ ያስፈለገው በዚህ ምክንያት ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንግለጸው። አንድ እንግዳ ቤታችንን ቢጠይቀን፣ «ከወፍጮ ቤቱ ቀጥሎ ያለው ነው» ብለን እንነግረዋለን። የዘር ምልክትም እንዲሁ ነው፤ ከተፈለገው ዘረ መል አጠገብ የሚገኝ፣ በቀላሉ የሚታወቅ የዲኤንኤ ክፍል ነው። ከቡቃያው ቅጠል ጥቂት ተቈርጦ ዲኤንኤው ይወጣል፤ ምልክቱ ያለበት ክፍል በመሣሪያ ይባዛል፤ ከዚያም ምልክቱ መኖሩና አለመኖሩ ይታወቃል። ዋጉ እስኪመጣ ወይም ስንዴው እስኪያሸት መጠበቅ አያስፈልግም። ለኤስ አር 2 እንዲህ ያለ የጎረቤት ምልክት መገኘቱ የተገለጸው በዚያው በ2003 ነበር።

ይሁን እንጂ ወፍጮ ቤቱ ሥፍራ ከለወጠ እንግዳው እንደሚሳሳት፣ በመዳቀል ጊዜም ምልክቱና ዘረ መሉ ሊለያዩ ይችላሉ። ስለዚህ ሊቃውንት ጎረቤቱን ትተው ባለቤቱን ራሱን መፈለግ ያዙ። በ2009 ኤል አር 34 የተባለው፣ የቅጠል ዋግንም ቢጫ ዋግንም የሚያዘገየው ዘረ መል ራሱ ተለይቶ ታወቀ፤ ምልክቱም ከራሱ ከዘረ መሉ ሊወሰድ ተቻለ። በ2018 ደግሞ ከ1 መቶ ሺህ በላይ ዘረ መሎች ያሉት የዳቦ ስንዴ የውርስ መዝገብ ተነቦ ታተመ።

ክቡራን አንባብያን፤ ምልክት የሚነግረን ዘረ መሉ መኖሩን እንጂ በመጪው ዓመት የሚነሣውን የዋግ ወገን አይደለም። ስለዚህ የተመረጠው ስንዴ እንደ ቁሉምሳና እንደ ደብረ ዘይት ባሉ የምርምር ጣቢያዎች ማሳ ላይ ከእውነተኛው ዋግ ጋር ተፋጥጦ መፈተኑ ይቀጥላል። የተፈተነውም ዘር ተባዝቶ በወቅቱ ለገበሬው ካልደረሰ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ይህ የመጨረሻው ሥራ በቤተ ሙከራ ሳይሆን በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ በሚያልፍ ደብዳቤ፣ በጀትና ፊርማ የሚፈጸም ነው። ዋግ የመሥሪያ ቤት ሰዓት አይጠብቅምና፣ ዘርን የሚመለከት ጉዳይ በእጃችን ሲገባ ሳናሳድር እንፈጽመው።