ከትራንዚስተር በፊት የነበረው ንባብ

እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 16 ቀን 1947 ዋልተር ብራታይንና ጆን ባርዲን በአንዲት የጀርማኒየም ቁራጭ ላይ ሁለት የወርቅ ጫፎችን አቀራርበው አሳረፉ፤ በአንዱ የገባው ደካማ ምልክት በሌላው ጎልብቶ ወጣ። የትራንዚስተር ታሪክ ብዙውን ጊዜ ከዚህች ዕለት ይጀመራል። እኔ ግን ዕለቲቱ የረጅም ትምህርት ፍሬ የደረሰባት ናት እላለሁ። ትምህርቱም በዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ብቻ አልተገኘም፤ ትልቁን ድርሻ የያዘው በኒው ዮርክ፣ ዌስት ስትሪት በነበረው የቤል ላቦራቶሪዎች ሕንፃ ውስጥ ሠራተኞች ራሳቸውን ያስተማሩበት ንባብ ነው።

ኳንተም መካኒክስ መልክ የያዘው በ1925 እና በ1926 ነው። ፌሊክስ ብሎህ ኤሌክትሮን በክሪስታል ውስጥ እንደ ሞገድ እንዴት እንደሚጓዝ ያሳየው በ1928፣ አላን ዊልሰን የብረትን፣ የከፊል አስተላላፊንና የማያስተላልፍን ነገር ልዩነት በኃይል ደረጃዎች ያብራራው ደግሞ በ1931 ነው። ብራታይን ዶክትሬቱን ይዞ ቤል በገባበት በ1929 የጠጣር አካላት ፊዚክስ ገና ወጉን የጠበቀ የትምህርት ዘርፍ አልሆነም ነበር። በ1931 ክረምት አን አርበር ሄዶ የአርኖልድ ዞመርፌልድን ትምህርት ተከታተለ፤ ተመልሶም የሰማውን ለባልደረቦቹ አስተማረ። የኢኮኖሚው ድቀት የሥራ ሳምንቱን ወደ አራት ቀን ሲያወርደው፣ በተረፈው ጊዜ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ እየሄዱ የተማሩም ነበሩ። በ1936 ዊሊያም ሾክሊ ከተቀጠረ በኋላ እሱ፣ ብራታይን፣ አላን ሆልደን፣ ዲን ዉልድሪጅና ሌሎችም በየሳምንቱ እየተሰበሰቡ ሞትና ጆንስ የተባሉ ደራሲያን የጻፉትን አዲስ የብረታ ብረት መጽሐፍ ተራ በተራ እያስረዱ አነበቡ።

ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ዶክተሮች ናቸው፤ ደመወዝና ቤተ መጻሕፍት አላቸው፤ ይህ እንዴት ራስን ማስተማር ይባላል የሚል አይጠፋም። ግማሹ እውነት ነው፤ ከባዶ አልተነሡም። ነገር ግን ለዚህ ትምህርት የተመደበ መምህር አልነበራቸውም፤ የሳምንቱ መምህር ምዕራፉ የደረሰው ሰው ነበር። ብቻውን የሚያነብ ሰው ትልቁ አደጋ ያልገባውን ገባኝ ማለቱ ነው። እነሱን ከዚህ የጠበቃቸው አንድም የጓደኛ ጥያቄ፣ አንድም የሥራ ጠረጴዛው ነው። ሾክሊ በ1939 መጨረሻ ከመዳብ ኦክሳይድ ማጉሊያ ለመሥራት አሰበና ከብራታይን ጋር ሞከረ፤ አልሠራም። ቁሱ ለማንም አያደላም።

ከባዱ ተቃውሞ የባርዲን ነው። እሱ በፕሪንስተን የዩጂን ዊግነር ተማሪ ነበር፤ ቤል የገባውም በ1945 ነው። ታዲያ ፍሬው የመደበኛው ትምህርት አይደለምን? በእርግጥ ሾክሊ ማጉሊያ ለመሥራት ያደረገው አዲስ ሙከራ ሲከሽፍ ኤሌክትሮኖች በገጹ ላይ ተይዘው ይቀራሉ ብሎ ምክንያቱን ያቀረበው ባርዲን ነው። ሆኖም ሐሳቡን ወደ ሙከራ የለወጠው የብራታይን እጅ ነበር፤ እጁም የሚሠራውን ያውቅ ነበር። ለዚህ ምስክር የሚሆነው ባርዲን ከመምጣቱ አስቀድሞ የሆነው ነው። በ1940 ራስል ኦል ብርሃን ሲያርፍበት ያልተጠበቀ ቮልቴጅ የሚሰጥ የሲሊከን ቁራጭ ባሳየ ጊዜ፣ በክሪስታሉ ውስጥ አንድ ድንበር መኖር አለበት ብሎ የገመተው ብራታይን ነው። ኦል ድንቁን አገኘ፤ ፍቺውን ለመገመት ግን የዓመታት ንባብ ያስፈልግ ነበር። ንባቡ ባርዲንን አልተካም፤ ሲመጣ ቋንቋውን የሚሰማ ሰው እንዲያገኝ አደረገ።

ባርዲን፣ ብራታይንና ሾክሊ በ1956 የኖቤል ሽልማትን ተካፈሉ። ለክርክሬ ግን ከሽልማቱ ይልቅ የሚመዝነው ሾክሊ በ1950 ስለ ከፊል አስተላላፊዎች ያሳተመው መጽሐፍ ነው፤ መምህር በሌለበት መጽሐፍ ከብበው ከተቀመጡት አንዱ፣ ለተከታዮቹ የመማሪያ መጽሐፍ ጽፎ ተወላቸው።