ከሳነቴ ማዶ

በባሌ፣ ከሃረና ደን ወደ ጎባ የሚወስደው መንገድ እስከ ሳነቴ ሽቅብ ነው። መጀመሪያ ደኑ ራሱ አለ፤ ቡናው ማንም ሳይተክለው የሚበቅልበት፣ ቀፎ ከዛፍ አናት የሚሰቀልበት። ከዚያ ቀርከሃው፣ ከዚያ አስታው ይመጣል። አስታውም አጥሮ አጥሮ ሲያልቅ ሳነቴ ሜዳ ላይ፣ 4,000 ሜትር ከፍታ ላይ ነዎት። 4,377 ሜትር የሚደርሰውን ቱሉ ዲምቱን በጎን ትቶ ቁልቁል ጎባ፣ ከጎባ ጥቂት አለፍ ብሎ ሮቤ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት የመጣለት የደኑ ልጅ ይህን ሁሉ አቋርጦ የዩኒቨርሲቲ ምርጫውን ሊሞላ ኢንተርኔት ቤት ሲቀመጥ፣ በአጠገቡ ያለው ሁሉ መካሪ ይሆናል። አንዱ “አዲስ አበባን አስቀድም” ይለዋል። ሌላው “አዳማ ይሻልሃል፣ ለኢንጂነሪንግ አዳማ ነው” ይላል። ሦስተኛው “እዚሁ ሮቤ ከደረሰህ ምን ጎደለህ? ለእናትህ ቅርብ ነህ።”

ክርክሩ ራሱ አዲስ ነው። በንጉሡ ዘመን ጎባ የባሌ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ሳለች “ምህንድስና የት ልማር?” ብሎ መጠየቅ ብዙ አያስጨንቅም ነበር። የምህንድስና ኮሌጁ እ.ኤ.አ. በ1952 አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ፤ በ1961 ከሌሎቹ ኮሌጆች ጋር ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ገባ፤ ኋላ አምስት ኪሎ ሰፈረ። ማትሪክ በጥሩ ነጥብ ያለፈ ወደዚያ ይሄዳል። በዚያው አሥር ዓመት ባሌ በእነ ዋቆ ጉቱ አመጽ ተይዛ ነበርና ከዚህ ደጋ ተነስቶ አምስት ኪሎ የገባ ልጅ ብዙ እንዳልነበር ለመገመት ቁጥር መቁጠር አያሻም።

ስለዚያ ዘመን ስናወራ የምንረሳው ግን አንድ ነገር አለ። ትምህርት ቤቶቹ ጥቂት ቢሆኑም እያንዳንዳቸው የተከፈቱበት ሥራ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1954 ከስዊድን ጋር የተቋቋመው የሕንጻ ኮሌጅ ሥራው ግንባታ ነበር፤ በርካሽ የሚሠራ ቤት እንዴት እንደሚቆም ያጠና ነበር። በ1963 በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ የጨርቃ ጨርቅ ቴክኖሎጂን ሲያስተምር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው እዚያው ከተማ ውስጥ ይሽከረከር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1986 አርባ ምንጭ ላይ የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሲቆም ስሙ ብቻውን ምን ሊማሩበት እንደሚሄዱ ይናገራል። አንድ ተማሪ “ፖሊ ገባሁ” ወይም “አርባ ምንጭ ደረሰኝ” ሲል ከተማውን ብቻ ሳይሆን ሙያውንም ተናግሯል።

ይህ የተለወጠው ከ1990ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ነው። በአንድ ዙር አሥራ ሦስት አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች በየክልሉ ሲከፈቱ ከእነሱ አንዱ የሮቤው መዳ ወላቡ ሆነ፤ ስሙን የወሰደው በኦሮሞ የገዳ ታሪክ ከሚነሳው የባሌ ስፍራ ነው። በ2001 ዓ.ም. ደግሞ ሰባ በመቶው ተማሪ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደብ ተወሰነ። ያኔ በየግቢው ሲቪል፣ ኤሌክትሪካል፣ ሜካኒካል የሚሉ ሰሌዳዎች ተሰቀሉ። ወርክሾፑ ሰሌዳውን አልተከተለም፤ ሌዝ ማሽን በሥዕል ብቻ አይቶ የተመረቀ ሜካኒካል ኢንጂነር ቀልድ አልነበረም። ሆኖም መስፋፋቱን በጅምላ ማጣጣል አልወድም። ከሳነቴ ወዲያ ያለ ልጅ ከሮቤ ሌላ ወደ 430 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ ሳይገባ ዲግሪ እንዲይዝ ያደረገው እሱው ነው። የከፋው ሁሉም ግቢዎች አንድ ዓይነት መሆናቸው ነበር።

ባሌን ያየ ሰው ይህ ይቆጨዋል። ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ፣ በአዳባና በዶዶላ አካባቢ፣ ዋቤ ሸበሌ ላይ በ1980ዎቹ ዓ.ም. መባቻ በሶቪየቶች እገዛ የተጠናቀቀው የመልካ ዋከና የኃይል ማመንጫ አለ፤ 153 ሜጋዋት። ገናሌ ወንዝ ላይ በ2012 ዓ.ም. የተመረቀው ገናሌ ዳዋ 3 ደግሞ 254 ሜጋዋት ነው። የሮቤና የሲናና ስንዴ በኮምባይነር ይታጨዳል፤ ኮምባይነሩ በአጨዳው ወቅት ሲሰበር ባለቤቱ የሚጮኸው ለመካኒክ ነው። ውሃና የእርሻ ማሽን፣ የባሕር ዳርን ፋብሪካ የሚተካ ሥራ እዚሁ ደጃፍ ላይ ነበር።

አሁን ያለው ልጅ የሚሞላው ፎርም ከሁሉም የተለየ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኙ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ከቀሩት መካከል የተመረጡት በሪሚዲያል ገቡ። ስለዚህ ቀጥታ ያለፈ ልጅ ድሮ ያልነበረ የመምረጥ አቅም አለው። የአዲስ አበባና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች በራሳቸው ፈተና ይቀበላሉ፤ ራስ ገዝ የሆነው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል። ለሌሎቹ ምርጫ በቅደም ተከተል ይሞላል፣ ምደባ ይጠበቃል። ከ2015 ወዲህ ደግሞ መውጫ ፈተና አለ፤ ከየትም ግቢ ይምጣ ሁሉም በየትምህርት ክፍሉ አንድ ዓይነት ፈተና ይፈተናል። የመውጫ ፈተናው ጥቅም ለእኔ እዚህ ላይ ነው፦ የመካሪዎቹን “ታዋቂ ነው” የሚል ወሬ በመጠኑ ያቀዘቅዛል። መፍቻ ይዞ መሥራትን ግን አይፈትንም። ያንን ማወቅ የሚፈልግ ልጅ ሦስተኛ ዓመት የደረሰ ተማሪ ፈልጎ ይጠይቅ፤ ላቦራቶሪው ክፍት ነው ወይስ ቁልፉ የአንድ ሰው ኪስ ውስጥ ነው? ኢንተርንሺፕ የት ወጣችሁ?

ቅደም ተከተሉን ሞልቶ ሲጨርስ ገና አልጨረሰም። በ2012 የተመለሰው የፍሬሽማን ዓመት ይጠብቀዋል፤ ዲፓርትመንት የሚከፋፈለው ከዚያ በኋላ፣ በውጤት ነው። ሶፍትዌርና ኤሌክትሪካል ቀድመው ይሞላሉ። ውሃ ምህንድስና የደረሰው ተማሪ ብዙ ጊዜ ዶርም ገብቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል፤ ከሃረና ደን የሚወጡት የወልመልና የያዶት ወንዞች ደግሞ ከቤቱ በታች አልፈው ገናሌን ሊቀላቀሉ ይወርዳሉ።