ከሐዋሳ እስከ ባሕር ዳር በአየር፦ ርቀቱና ጉዞው የሚጠይቀው ጊዜ

ሐዋሳና ባሕር ዳር በሐይቅ ዳር የተቆረቆሩ የክልል ርእሰ ከተሞች ናቸው። በሁለቱ አውሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ያለው ቀጥታ የአየር ርቀት 510 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አውሮፕላን ይህን ርቀት ሳያርፍ ቢበር ከአንድ ሰዓት ከሩብ ብዙም አይበልጥበትም። ሆኖም የኢትዮጵያ አየር መንገድ የአገር ውስጥ በረራዎች ማዕከል የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ በመሆኑ መንገደኛው አዲስ አበባ ላይ አውሮፕላን ቀይሮ ሲጓዝ፣ ጉዞው ግማሽ ቀን ሊፈጅ ይችላል።

ርቀቱ በክፍል ሲታይ

ከሐዋሳ አዲስ አበባ በቀጥታ መስመር 213 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በመኪና መንገድ ግን ወደ 275 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር ደግሞ በአየር 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የመኪናው መንገድ የአባይን ሸለቆ ወርዶና ወጥቶ ያልፋል። ሁለቱ የአየር ርቀቶች ሲደመሩ 545 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናሉ። በአዲስ አበባ በኩል መዞር የሚጨምረው 35 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ይህም ለአውሮፕላን የአራት ደቂቃ መንገድ ነው።

የበረራ ጊዜ እንዴት ይገመታል?

ለአጭር በረራ ከሚያገለግሉ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላኖች አንዳንዶቹ በሰዓት 600 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ይበርራሉ። ርቀቱን ለ600 አካፍሎ ለመነሻና ለማረፊያ 25 ደቂቃ መጨመር ተቀራራቢ ግምት ይሰጣል። በዚህ ስሌት ከሐዋሳ አዲስ አበባ 45 ደቂቃ፣ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል።

አጠቃላይ ጊዜው

በአየር ላይ የሚጠፋው ጊዜ አንድ ሰዓት ከ45 ደቂቃ ነው። መንገደኛው ከበረራው ሁለት ሰዓት ቀደም ብሎ ቢደርስና አዲስ አበባ ላይ ሌላ ሁለት ሰዓት ቢቆይ ግን ጠቅላላው አምስት ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይደርሳል። ስለዚህ ቲኬት ሲቆረጥ ከበረራው ርዝመት ይልቅ የመሸጋገሪያውን ቆይታ ማየት ይበጃል። በተለይ የሚበላሽ ነገር የሚይዝ ሰው ይህን ማሰብ ይኖርበታል፤ ያልበሰለ አቮካዶ ይህን ሰዓት ይታገሣል፣ በረዶ የሌለው ትኩስ ዓሣ ግን አይታገሥም።

ሰዓቱና ቀኑ

በረራ ከሚያመልጥባቸው ምክንያቶች አንዱ የሰዓት አቆጣጠር መምታታት ነው። በቲኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት የፈረንጆቹ ነው። «07:20» የሚለው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ20፣ «13:00» የሚለው ደግሞ ከቀኑ 7 ሰዓት ማለት ነው። ከጠዋት እስከ ማታ ላለው በረራ ከተጻፈው ላይ 6 መቀነስ ይበቃል። «19:00» ግን ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው። ቀኑም የሚጻፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር በመሆኑ፣ ቲኬቱን የቆረጠው ሠራተኛ ሰዓቱንም ቀኑንም በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዲነግር መጠየቅና በወረቀት መያዝ፣ ያለ በረራ ከመቅረት ያድናል።