«ተስማሙ» ስለምትባለው ቃል፤ ከውጫሌ እስከ ናይሮቢ

የታሪክ መምህር በየቀኑ ከሚናገራቸው ቃላት አንዷ «ተስማሙ» የምትለው ናት። እገሌና እገሌ ተስማሙ፤ ውል ተዋዋሉ፤ ማኅተማቸውንም አኖሩ እንላለን። ተማሪውም በደብተሩ ይጽፈዋል። ዳሩ ግን የሰው ልጅ የሚስማማው በአንድ ዓይነት መንገድ አይደለም። ልቡ ፈቅዶ እሺ የሚል አለ፤ ቅር እያለው እሺ የሚልም አለ፤ እንዲሁም እሺ ሳይል እሺ ብሏል ተብሎ የሚጻፍበት አለ። እነዚህን ሦስቱን በአንዲት ግስ ጠቅልሎ ማስተማር እውነትን ማጕደል ስለሚሆን፥ በዚህ መታሰቢያ መጽሐፍ ስለ ነገሩ ጥቂት አሳብ ለማቅረብ ወደድሁ።

አስቀድሞ የቃላቱን ሥር እንመልከት። «ተስማማ» ከ«ሰማ» የወጣ ነው፤ አንዱ የሌላውን ቃል ሰማ ማለት ነው። «ፈቀደ» በግዕዝ ወደደ፥ ፈለገ ማለት ሲሆን፥ በአማርኛ ለሌላው መንገድ ሰጠ ወደሚል ትርጕም አዘንብሏል። «በጄ አለ» የሚለው ነገሩ ይበጀኛል ብሎ መቀበልን ያሳያል። እንግሊዞች ግን ሳይወዱ ለሚደረግ ስምምነት ራሱን የቻለ ግስ አላቸው፤ እርሱም በላቲን ዝም ማለትን፥ ማረፍን ከሚያመለክት ቃል የተወለደ ነው። ሰውየው አልተረታም፤ ክርክሩን ግን ተወ። በእኛ ቋንቋ ይህን አሳብ በአንድ ቃል አንናገረውም፤ «ቅር እያለው ተቀበለ»፥ «ሳይወድ በግዱ እሺ አለ»፥ «ምን ይደረግ ብሎ ዝም አለ» እያልን እንተርከዋለን እንጂ። ይህም ከጕድለት ሊቈጠር አይገባም፤ ተናጋሪው የልቡናውን ሁኔታ ሳይገልጽ እንዳያልፍ ያስገድደዋልና።

አንዲት ግስ የመንግሥትን ዕድል እስከምታናውጥ ድረስ ልትከብድ እንደምትችል ከውጫሌ ውል የበለጠ ምስክር የለም። ዐፄ ዮሐንስ በመተማ በወደቁ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፥ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም.፥ ዳግማዊ ምኒልክና የኢጣልያ መልእክተኛ ካውንት ፒየትሮ አንቶኔሊ ውጫሌ ላይ ሃያ አንቀጽ ያለው ውል ተዋዋሉ። አሥራ ሰባተኛው አንቀጽ በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። በኢጣልያንኛው በዚያው ስፍራ የተቀመጠው ግስ «ኮንሴንቴ» ነው፤ ይኸውም ተስማምተዋል፥ ፈቅደዋል ማለት ነው። በአንቀጽ አሥራ ዘጠኝ ደግሞ ሁለቱ ጽሑፎች ፍጹም አንድ እንደሆኑና እኩል እንደሚታመኑ ተጽፏል።

እዚህ ላይ የሰዋስው መምህር ቢቆም መልካም ነው። «ይቻላቸዋል» በሚለው ግስ ንጉሠ ነገሥቱ ምንም አያደርጉም፤ በሩ ተከፍቶላቸዋል፥ መግባት አለመግባት የእርሳቸው ፈንታ ነው። በ«ኮንሴንቴ» ግን ባለቤቱ ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው፤ አንድ ጊዜ ፈቅደው ጨርሰዋል። የሚያስደንቀው፥ የኢጣልያንኛው ቃል ከላቲን ሥሩ አብሮ መሰማትን የሚያመለክት በመሆኑ ለእኛው «ተስማማ» የቅርብ ዘመድ ነው። ነገር ግን በዚያ ቀን የተሰማማ አልነበረም፤ አንዱ የሰማውን ሌላው አልሰማውም።

የኢጣልያ መንግሥት በጥቅምት ወር 1882 ዓ.ም. አንቀጹን ለአውሮፓ ኃያላን አስታውቆ ኢትዮጵያ በጥበቃው ሥር እንደገባች ቈጠረ። ምኒልክ ነገሩን የተረዱት ንግሣቸውን ለአውሮፓ ነገሥታት በገለጹ ጊዜ፥ ግንኙነቱ በኢጣልያ በኩል መሆን እንደሚገባው የሚያሳይ መልስ ሲደርሳቸው ነው። በ1883 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ለንጉሥ ኡምቤርቶ ጽፈው፥ ስለ ወዳጅነት ብለው በኢጣልያ ረዳትነት ለመጠቀም እንጂ ግዴታ ለመግባት እንዳልተዋዋሉ አስታወቁ። አንቶኔሊ ተመልሶ መጥቶ ቢከራከርም ንጉሠ ነገሥቱና እቴጌ ጣይቱ በጄ አላሉም። በየካቲት 1885 ዓ.ም. ምኒልክ ውሉ እንደሚፈርስ አስታወቁ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ ላይ ጦርነት ሆነ፤ ጥቅምት 17 ቀን 1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተፈረመው ውልም የውጫሌው ተሽሮ የኢትዮጵያ ነጻነት ያለ አንዳች ገደብ ታወቀ። ስለዚህ አንቀጽ በ1964 እ.ኤ.አ. ስዊድናዊው ስቬን ሩበንሰን ባሳተመው ጥናት ምክንያት ከኢጣልያዊው ካርሎ ጂሊዮ ጋር የተነሣው ክርክር፥ ግሷ ከሰባ አምስት ዓመት በኋላም እንዳላረፈች ያሳያል።

ከዚህ በኋላ ዓይናችንን ወደ ናይሮቢ እንመልስ። የከተማይቱ ስም በማሳዮች ቋንቋ ቀዝቃዛ ውሃ ማለት ነው፤ የባቡሩም ሐዲድ በ1899 እ.ኤ.አ. ደርሶባታል። በ1880ዎቹ መጨረሻ በምፅዋ በኩል የገባው የከብት ደዌ በእኛ አገር ክፉ ቀን የተባለውን ረኀብ ካመጣ በኋላ ወደ ደቡብ ወርዶ የማሳዮችን መንጋ ፈጀ። ፈንጣጣና የእርስ በርስ ጦርነት ተጨምረውበት ሕዝቡ እጅግ ተዳክሞ ሳለ፥ በ1904 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ኮሚሽነር ሰር ዶናልድ ስቱዋርት ከሌናናና ከሌሎች አለቆች ጋር ውል አደረገ። ሰነዱ በእንግሊዝኛ ተጽፎ በአስተርጓሚ ተነገራቸው። በውስጡም ማሳዮች «በገዛ ፈቃዳቸው» ከባቡሩ መንገድ ርቀው በሰሜን ላይኪፒያ በደቡብም ሌላ ክልል እንዲቀመጡ መቍረጣቸው፥ ውሉም ማሳይ የሚባል ዘር እስካለ ድረስ እንደሚጸና ተጻፈ።

ይህ ዘለዓለም ሰባት ዓመት ብቻ ቈየ። ሌናና በመጋቢት 1911 እ.ኤ.አ. ሞተ፤ በሚያዝያ ሁለተኛ ውል ተፈርሞ የሰሜኖቹ ማሳዮች ላይኪፒያን ለቀው ወደ ደቡብ እንዲወርዱ ተደረገ። ይህም ደግሞ በፈቃዳቸው ነው ተባለ። ከእነርሱ አንዳንዶቹ ነገሩን ወደ ዳኛ አቀረቡት። በ1913 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤቱ፥ ቀጥሎም የምሥራቅ አፍሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፥ ማሳዮች የእንግሊዝ ተገዦች ሳይሆኑ በጥበቃው ሥር ያሉ ባዕድ ሕዝብ ስለሆኑ ሰነዱ በመንግሥታት መካከል እንደተደረገ ውል ይቈጠራል፥ እንዲህ ያለውን ውል ፍርድ ቤት ሊመረምረው አይችልም ሲል አሰናበታቸው። እንግዲህ እሺ ለማለት መንግሥት ናችሁ ተባሉ፤ እምቢ ለማለት ግን መንግሥት አይደላችሁም ተባሉ።

በናይሮቢ የሚነገረው ስዋሂሊ በዚህ ረገድ ሁለት ግሶች አሉት። አንዱ «ኩባሊ» ነው፤ ከዐረብኛ የተገኘና ለእኛው «ተቀበለ» በሥር ዘመድ የሆነ። ሁለተኛው «ሪዲያ» ነው፤ ልብ ሲረካ የሚደረገውን ፈቃድ ያመለክታል። የመጀመሪያውን እጅ ሊፈጽመው ይችላል፤ ሁለተኛው ያለ ልብ አይፈጸምም። የ1904ቱ ወረቀት መቀበልን እንደ መርካት አድርጎ ጻፈው። የውጫሌው ደግሞ መቻልን እንደ መፍቀድ አድርጎ ወሰደው። ስሕተቱ አንድ ነው፤ ፍጻሜው ግን ተለያየ። ምኒልክ የሚያነቡት የራሳቸው ጽሑፍ፥ የሚያዘምቱትም ሠራዊት ነበራቸው። ሌናና ሁለቱም አልነበሩትም። ስለዚህ የግስ ትርጕም በመዝገበ ቃላት ብቻ አይጸናም፤ እምቢ ለማለት አቅም ያለው ሰው ብቻ ነው እሺታው በእውነት እሺታ የሚሆነው።

ዛሬ ሌናና በኬንያ ተራራ ጫፍ በአንዱና በናይሮቢ በሚገኝ ትምህርት ቤት በስሙ ይታሰባል። በዚያ የሚማሩት ልጆችም፥ በአገራችን ስለ ውጫሌ የሚማሩትም «ተስማሙ» የሚለውን ቃል ሲያነቡ፥ መምህራቸው ሦስት ጥያቄ እንዲያስጠይቃቸው እለምናለሁ። በምን ቋንቋ ሰሙት? እምቢ ቢሉ ምን ይደርስባቸው ነበር? የጻፈውስ ማን ነው?

በመጨረሻም ነገሩ ወደ ክፍላችን ይመለሳል። እኛ መምህራን ከተማሪ እጅግ ደጋግመን የምንሰማው ቃል «እሺ» ነው። «እሺ ይበልጣል ከሺህ» የሚለው ተረት እውነት ነው፤ ነገር ግን ተረቱ የሚያመሰግነው ከልብ የወጣውን እሺታ ነው። ልጁ አንገቱን ደፍቶ እሺ ባለ ጊዜ ገብቶት ይሁን ወይስ ፈርቶ መመርመር ይገባናል። ይህን ያልመረመረ መምህር በትንሽ ሰሌዳ ፊት የውጫሌን ስሕተት ይደግማል፤ «ተስማምተዋል» ብሎ ይጽፋል፥ የተሰማማ ግን የለም።